ከምሽት እስከ ንጋት በዱላ ቅብብል፦ ስድስት ጓደኛሞች በጎንደር ሌሊቱን ሙሉ 99 ኪሎ ሜትር የሚሮጡበት ዝርዝር መመሪያ

ሌሊቱን ሙሉ በዱላ ቅብብል ለመሮጥ ተነሥተው ንጋትን ሳያዩ የሚበተኑ ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚያቋርጡት እግራቸው ስለ ደከመ አይደለም። የሚያቋርጡት ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ተረኛው በእንቅልፍ ላይ ሲገኝ፣ ላብ የጠጣ ልብስ ገላቸው ላይ ሲቀዘቅዝና ስንተኛው ዙር ላይ እንዳሉ ሲጠፋቸው ነው። እኔና ጓደኞቼ የሞከርነው የመጀመሪያው ሌሊት ያበቃው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነበር፤ ተረኛው ከመኪና ውስጥ ተኝቶ ስልኩ ስለ ተዘጋበት ዱላውን የያዘው ልጅ የእርሱን ተራ ደርቦ ሮጠ፣ በመጨረሻም ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠ። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሩጫው ይልቅ በሁለት ሩጫዎች መካከል ባሉት ሦስት ሰዓታት ላይ አብዝቶ ይቆያል።

እቅዱ የሚከተለው ነው። ስድስት ሯጮችና ሁለት የማይሮጡ ረዳቶች ያስፈልጋሉ፤ ከረዳቶቹ አንዱ ሰዓት ያዥ፣ ሌላው ቀስቃሽ ነው። መሮጫው አጥርና ጥበቃ ያለው ሰፊ ግቢ ሲሆን የአንድ ዙር ርዝመት 1,100 ሜትር ነው። አንድ ተራ አምስት ዙር ወይም 5.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ እያንዳንዱ ሯጭ ሦስት ተራ ይሮጣል፣ በድምሩ 18 ተራ ወይም 99 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሩጫው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተጀምሮ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይጠናቀቃል።

ደረጃ 1፦ ሌሊቱን ምረጡ

ክረምቱን ተዉት። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ዝናብ መሮጫውን ጭቃ ከማድረጉም በላይ የሚያርፉትን ሰዎች ያረጥባል፤ የረጠበ ሰው ደግሞ ተኝቶ አይነሣም። ለጀማሪ ቡድን የሚመቸው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች በዚህ ወቅት የሌሊቱ ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊወርድ እንደሚችል አስቡና ተዘጋጁ። ከጥምቀት ሳምንት ራቁ፤ ጥር 11 ሲቃረብ ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ ግቢም ሆነ ረዳት ማግኘት ያስቸግራል።

ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበትን ወይም ከዚያ ሁለት ቀን ያልራቀውን ቅዳሜ ያዙ። ቅዳሜ ማታ ተጀምሮ እሑድ ጠዋት የሚያልቅ ሩጫ ለእንቅልፍ አንድ ሙሉ ቀን ይተውላችኋል። በዚያ እሑድ ለመቍረብ ያሰበ ሰው ካለ ግን በረዳትነትም ቢሆን አታስገቡት፤ ሌሊቱን ሳይበላና ሳይጠጣ ከብርድ ጋር መታገል የለበትም። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ከዚያ በኋላ የምትሮጡ ከሆነ ምግቡ ሁሉ የጾም እንዲሆን ከወዲሁ ተስማሙ፤ ከዚህ በታች የተዘረዘረው ምግብ ለሁሉም ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ቦታውንና ፈቃዱን አግኙ

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሮጡ ከሆነ ወደ አስፋልት አትውጡ። በሌሊት መንገድ ላይ ሲኖትራክ፣ መብራት የሌለው ባጃጅና የውሻ መንጋ አለ፤ የእንቅስቃሴ ገደብ ወይም ሰዓት እላፊ በታወጀበት ወቅት ደግሞ በሌሊት መንገድ ላይ መገኘቱ በራሱ አደጋ ነው። የትምህርት ተቋም፣ የሥልጠና ማዕከል ወይም የስፖርት ሜዳ ግቢ ፈልጉ። ግቢው አጥር፣ ዘበኛ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የውኃ ቧንቧና ቢያንስ አንድ የሚዘጋ ክፍል ሊኖረው ይገባል።

ለግቢው ኃላፊ የምትጽፉት ደብዳቤ የሯጮቹን ብዛት፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓቱን፣ የኃላፊውን ሰው ስምና ስልክ እንዲሁም ድምፅ ማጉያ እንደማትጠቀሙ የሚገልጽ ይሁን። የተፈቀደበትን ደብዳቤ ግልባጭ ለቀበሌውና በአቅራቢያ ላለው ፖሊስ ጣቢያ በአካል አድርሱ፤ በዚያ ሌሊት መሰብሰብ የተፈቀደ ስለመሆኑም እዚያው ጠይቁ። መልሱ ካላረካችሁ ቀኑን አዛውሩ። ሁለተኛው ግልባጭ በሌሊቱ ተረኛ ዘበኛ እጅ መግባቱን አረጋግጡ፤ ቀን የነበረው ዘበኛ የሰማውን የማታው ላይሰማ ይችላል።

ሴቶች በቡድኑ ውስጥ ካሉ፣ ቢኖሩም መልካም ነው፣ ለወላጆቻቸው ቦታውንና የረዳቶቹን ስልክ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ የተለየ የማረፊያ ክፍልም አዘጋጁ። እኩለ ሌሊት ላይ ከቤት የሚመጣ የጭንቀት ስልክ ሙሉ ቡድን ሲበትን አይቻለሁ።

ደረጃ 3፦ ዙሩን ለኩ፤ በቀንም በሌሊትም እዩት

የስልክ መተግበሪያ በዛፍና በሕንፃ መካከል ይሳሳታል። የ50 ሜትር ገመድ ይዛችሁ ሁለት ሆናችሁ ለኩ፤ 22 ጊዜ ሲዘረጋ 1,100 ሜትር ነው። የግቢው ዙር ከዚህ ካነሰ ወይም ከበለጠ የተራውን ዙር ብዛት አስተካክሉና አንድ ተራ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር እንዲሆን አድርጉ።

በቀን ስትዞሩ ክፍት ቦይ፣ የተነቀለ ኮብልስቶን፣ የዛፍ ሥርና ዝቅ ብሎ የተወጠረ የልብስ ማስጫ ሽቦ ፈልጉ። በእያንዳንዱ አደገኛ ቦታ ፊት ለፊት አምስት እርምጃ ቀደም ብላችሁ የኖራ መስመር አስምሩ፤ ከፍ ባለው ላይ ነጭ ጨርቅ እሰሩ። ከዚያም በሌላ ቀን ማታ፣ የግቢው መብራት ሳይበራ፣ በባትሪ ብቻ አንድ ዙር ተራመዱ። መብራት በዚያ ሌሊት እንደሚጠፋ አድርጋችሁ ተዘጋጁ።

ደረጃ 4፦ ሰዓቱን አስሉና ተራውን ደልድሉ

ስሌቱን በምኞት አትሥሩት። እያንዳንዱ ሰው በአንድ ምሽት 5.5 ኪሎ ሜትር እንደ ልቡ እያወራ ሊሮጥ በሚችልበት ፍጥነት ይሩጥና ሰዓቱ ይመዝገብ። በሁለተኛው ተራ 5 በመቶ፣ በሦስተኛው ከ10 እስከ 15 በመቶ ጨምሩበት። አማካዩ ለመጀመሪያው ተራ 36 ደቂቃ፣ ለሁለተኛው 38፣ ለሦስተኛው 40 ቢሆን የሌሊቱ መልክ እንዲህ ይሆናል (ምድብ ማለት ስድስቱም ሯጮች አንድ አንድ ተራ የሚሮጡበት ጊዜ ነው)፦

1. የመጀመሪያው ምድብ ከምሽቱ 1:00 እስከ 4:36።
2. ሁለተኛው ምድብ ከምሽቱ 4:36 እስከ ሌሊቱ 8:24።
3. ሦስተኛው ምድብ ከሌሊቱ 8:24 እስከ ጠዋቱ 12:24።

ግቢውን እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ድረስ ተቀበሉ፤ ለመዘግየትም ለጽዳትም ጊዜ ይኖራችኋል።

ድልድሉ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፈጣኑን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ በማስቀመጥ ነው። ፍጥነት በዚህ ሩጫ ብዙ አይጠቅምም። የሰው ገላ በጣም የሚቀዘቅዘውና እንቅልፍ የሚከብደው ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ከላይ ባለው ስሌት ይህ ጊዜ የሚወድቀው በ2ኛው፣ በ3ኛውና በ4ኛው ሯጭ ሦስተኛ ተራ ላይ ነው። በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ላይ ሲጠሩ የሚነሡትን፣ በማለዳ ሥራ የለመዱትን፣ ቃላቸውን የሚጠብቁትን ሰዎች አስቀምጡ። አዲስና ፈሪ ሯጭ ስድስተኛ ይሁን፤ የመጨረሻውን ተራ የሚሮጠው ጎህ ሲቀድ ስለሆነ ብርሃኑ ያግዘዋል።

ደረጃ 5፦ አራት ሳምንት ተዘጋጁ

በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን የሚሮጥ ሰው አዲስ ልምምድ አያስፈልገውም፤ ሁለት ነገር ብቻ ይጨምር። አንደኛ፣ ከሩጫው ሁለት ሳምንት በፊት በአንድ ቀን ውስጥ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ 5.5 ኪሎ ሜትር ይሩጥ። ሁለተኛ፣ አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነሥቶ፣ ልብሱን ለብሶ፣ በሚታወቅ ግቢ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ይሩጥ። ይህን ያላደረገ ሰው በዋናው ሌሊት ከሞቀ ጋቢ መውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው ሲደርስበት ነው። አስም፣ የልብ ወይም የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይመዝገብ።

ደረጃ 6፦ ዕቃውን በሰው ሰውና በቡድን ለዩ

እያንዳንዱ ሯጭ የሚከተሉትን በራሱ ቦርሳ ይያዝ፦

- ሦስት ሙሉ ቅያሪ፣ ማለትም ካናቴራ፣ ቁምጣና ካልሲ፤ እያንዳንዱ በተለየ ፌስታል ታስሮ 1፣ 2፣ 3 ተብሎ ይጻፍበት።
- ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ ሹራብ፣ ጆሮ የሚሸፍን ቆብ።
- የግንባር ባትሪ ከመለዋወጫው ጋር።
- የራሱ ኩባያ።

ለቡድኑ ደግሞ ሁለት ትልልቅ ፔርሙስ፣ 40 ሊትር የሚጠጣ ውኃ በጀሪካን፣ ሸራና ፍራሽ፣ ሰዓት፣ ደብተርና እርሳስ፣ ፓወር ባንክ፣ ፋሻ፣ ሳሙና እና አንድ እፍኝ ሽምብራ ያስፈልጋል። የሽምብራው ጥቅም ደረጃ 9 ላይ ይነገራል።

ዱላው ቀላል ይሁን። የውድድር ዱላ ከ28 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚረዝምና ከ50 ግራም የማያንስ ነው፤ በዚያው ልክ የተቆረጠ፣ ጫፉ የተሞረደ፣ ነጭ ፕላስተር የተጠመጠመበት ሸንበቆ በቂ ነው። ሁለተኛ ቅያሪ ዱላም ቁረጡ።

የሕመም ማስታገሻ ክኒን በቡድኑ ዕቃ ውስጥ አታስገቡ። ኢቡፕሮፌንም ሆነ ዳይክሎፌናክ ውኃ በጎደለው ገላ ላይ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፤ ሕመሙን ደብቆ ማስሮጡም ሌላ ጉዳት ነው።

ደረጃ 7፦ ማረፊያውን ከመምሸቱ በፊት አሰናዱ

ከቀኑ 10 ሰዓት ግቢው ውስጥ ሁኑ። መቀባበያው ከማረፊያው ክፍል ቢበዛ 50 ሜትር ይራቅ፤ ከመኪናም፣ ከሌላ ሕንፃም፣ ከጓደኛ ቤትም የሚተኛ ሰው እንዳይኖር። ፍራሾቹን በተራ ቅደም ተከተል ዘርጉ፦ ቀጥሎ የሚነሣው ለበሩ ቅርብ ይተኛ። ሯጭ ገብቶ ሲተኛ ወደ ውስጠኛው ጥግ ይሄዳል፣ ሌሎቹ ወደ በሩ ይጠጋሉ። በእያንዳንዱ ፍራሽ እግርጌ የሯጩን ቁጥርና የመነሻ ሰዓቱን የያዘ ካርቶን ይቀመጥ። ቀስቃሹ በጨለማ ፊት እየገለጠ ሰው መፈለግ የለበትም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሰል የተያያዘበት ምድጃ ሰው በተኛበት ክፍል ወይም ድንኳን ውስጥ በፍጹም አይግባ። ከሰል ጭሱ ከጠፋ በኋላም ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። «ፍም ሆኗል፣ አሁን አያጨስም» የሚለው አነጋገር በየዓመቱ በብርዱ ወራት ስንት ቤት እንደ ዘጋ ሁላችንም ሰምተናል። ምድጃው ደጅ ይሁን፣ የሚሞቅ ሰው ደጅ ይሙቅ፤ ለክፍሉ ሙቀት የሰዎቹ ትንፋሽና ብርድ ልብሱ ይበቃል። ይህን ተግባር ለአንዱ ረዳት በስም ስጡትና ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ በየሰዓቱ ክፍሉን ይመልከት፤ ብርዱ ሲጠና ምድጃውን ወደ ውስጥ የሚጎትተው ሁልጊዜ ደግ ልብ ያለው ሰው ነው።

ደረጃ 8፦ የዕለቱ ምግብና እንቅልፍ

በዋዜማው ዓርብ ሌሊት ለስምንት ሰዓት ያህል ተኙ። ቅዳሜ ምሳ ከሰዓት 7 ሰዓት አካባቢ እንደ ወትሮው ብሉ፤ በርበሬ የበዛበትን፣ ሥጋና ባቄላ የተጫነበትን ተዉት። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ተኩል ተኙ። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ዳቦ በማር ወይም በሻይ የመጨረሻው ምግብ ነው።

በሌሊቱ የሚበላው ጥቂት በጥቂት የሚበላ ነገር ነው፦ ሙዝ፣ ቴምር፣ ዳቦ፣ ስኳር ያለበት ሻይ፣ ቀጠን ያለ አጥሚትና በሶ። በሶው በጨውና በስኳር ተበጥብጦ በፈሳሽነት ይጠጣ፤ ተጨብጦ ከተበላ ሆድ ላይ ይከብዳል። ቆሎ ለረዳቶቹ ነው፤ ሯጭ ከተራው በፊት አይብላው። ብዙ ላብ ላወጣ ሰው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡለት። ሲጠማችሁ ጠጡ፤ ያለ ጥማት ሊትር በሊትር መጠጣትም ደም ውስጥ ያለውን ጨው አቅጥኖ ራስ ምታትና ማስመለስ ያመጣል።

ስለ ቡና ቁርጥ ያለ ደንብ ይኑራችሁ። እኩለ ሌሊት ላይ ቡና ማፍላት ጨዋታውን ያደምቀዋል፣ እንቅልፉን ግን ያጠፋዋል፤ የቡናው ኃይል በገላ ውስጥ ለብዙ ሰዓታት ስለሚቆይ ሁለተኛው ዕረፍት ባዶ ይቀራል። አንድ ስኒ ብቻ፣ ከሦስተኛው ተራ 40 ደቂቃ በፊት፣ ለተረኛው ብቻ ይሰጥ። ረዳቶቹ እንደ ወደዱ ይጠጡ።

ደረጃ 9፦ ቅብብሉን በዚህ ቅደም ተከተል ፈጽሙ

በመቀባበያው ላይ በኖራ ሁለት መስመር በ20 ሜትር ርቀት አስምሩ። ሰዓት ያዡ በጠረጴዛ ላይ ሁለት ሣህን ያስቀምጥና በግራው አምስት ሽምብራ ይጨምር። ሯጩ ባለፈ ቁጥር አንድ ሽምብራ ወደ ቀኝ ሣህን ይዛወራል፣ ሰዓቱም በደብተሩ ላይ ይጻፋል። የግራው ሣህን ባዶ ሲሆን ተራው አልቋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የነቃ ሰው እንኳን ሦስትና አራትን ያምታታል፤ ሽምብራው ግን ተቆጥሮ ያለ ነው።

1. በግራው ሣህን ሁለት ሽምብራ ሲቀር ተረኛው ጫማውን አጥብቆ፣ ባትሪውን አብርቶ ከጠረጴዛው አጠገብ ይቁም።
2. የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ሰዓት ያዡ «የመጨረሻ!» ይበልና የተረኛውን ስም ይጥራ፤ ተረኛውም በቃሉ ይመልስ።
3. ተረኛው ሹራቡን አውልቆ በእርምጃ ሰውነቱን ያሟሙቅ።
4. መጪው ሯጭ ከመጀመሪያው መስመር ሲደርስ ባትሪውን ወደ መሬት ያዘንብል፤ ብርሃኑ የተረኛውን ዓይን እንዳያጠፋው።
5. ተረኛው ፊቱን ወደ መጪው እንዳዞረ ቀኝ እጁን ይዘርጋ፤ ወደኋላ ሳያዩ መቀበል ለአጭር ርቀት ሯጮች ነው።
6. መጪው ዱላውን አቁሞ በመዳፉ ላይ ያኑር፤ ተቀባዩ «ያዝኩ» እስኪል አይልቀቅ።
7. ሰዓት ያዡ ሰዓቱን ጽፎ አምስቱን ሽምብራ ወደ ግራ ይመልስ፤ ወዲያውኑም ወደ ቀስቃሹ ሄዶ የቀጣዩን ቁጥር ይንገር።

በየምድቡ መጨረሻ የዙሩን አቅጣጫ ቀይሩ፤ ሌሊቱን ሙሉ ወደ አንድ ወገን መታጠፍ አንዱን ጉልበት ለይቶ ይጎዳዋል።

የመጀመሪያው ምድብ ላይ ሁሉም ከታቀደው በላይ ይፈጥናል። 36 ደቂቃ የተመደበለት ሰው በ31 ከገባ አታጨብጭቡለት፤ ሦስተኛው ተራ ላይ ሲራመድ ታገኙታላችሁ። ሰዓት ያዡ በየዙሩ «ቀንስ» ወይም «ደህና» ብቻ ይበለው።

ደረጃ 10፦ ሦስቱን ሰዓታት አስተዳድሩ

አራተኛውን ሯጭ እንውሰድ። የመጀመሪያ ተራውን 3:24 ላይ ይጨርሳል፤ የሚቀጥለው 6:30 ላይ ነው። በመካከሉ 3 ሰዓት ከ6 ደቂቃ አለ፤ ይህንንም እንደሚከተለው ይጠቀምበታል።

የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ይራመድ፣ ከዚያም ሳይቀመጥ ልብሱን ከካልሲው ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ይቀይር። ዋናው ትእዛዝ ይህ ነው፦ ጋቢ በላብ ልብስ ላይ አይለበስ። ገላው ለጊዜው ስለሚሞቅ ሰው ይህን ችላ ይለዋል፤ ሩብ ሰዓት ሳይቆይ ላቡ ይቀዘቅዛል፣ ጋቢው ራሱ ይረጥባል፣ ከዚያ በኋላ የሚያሞቀው ደረቅ ነገር የለም። የቀጣዩን ተራ ልብስ አሁኑኑ ይልበስና በላዩ ሹራብና ጋቢ ይደርብ፤ ሲነሣ የሚቀረው ጫማ ብቻ ይሆናል።

ቀጣዩን 20 ደቂቃ ይብላ፣ ይጠጣ፣ ሽንት ቤት ይሂድ። ስለ ሩጫው ማውራት የሚፈቀደው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ስልኩን ለረዳት አስረክቦ ይተኛ። 5:50 ላይ ይቀሰቀሳል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንቅልፍ አገኘ ማለት ነው። እንቅልፍ ባይወስደውም ዓይኑን ጨፍኖ እግሩን በቦርሳው ላይ ከፍ አድርጎ ይጋደም።

ቀስቃሹ የሚጠብቀው ደንብ አለው። ትከሻውን ነክቶ ስሙን ይጥራ። «እሺ፣ ነቃሁ» የሚለውን መልስ እንደ መልስ አይቁጠረው፤ ይህን ቃል ሰው በእንቅልፍ ልቡም ይለዋል። ተኝቶ የነበረው ሰው ተነሥቶ እስኪቀመጥ፣ ቁጥሩንና ሰዓቱን ራሱ እስኪናገር፣ ጫማውንም እስኪያጠልቅ ድረስ ከአጠገቡ አይንቀሳቀስ። ከከባድ እንቅልፍ የወጣ አእምሮ እስኪጠራ እስከ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል 40 ደቂቃው ቅንጦት አይደለም። ከዚያ ፊቱን ይታጠብ፣ ሞቅ ያለ ሻይ ይጠጣ፣ ቁርጭምጭሚቱንና ዳሌውን እያንቀሳቀሰ ይራመድ።

ቀስቃሹም ሰው ነው። ሁለቱ ረዳቶች ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሥራቸውን ይለዋወጡ፤ ከ4 እስከ 6 አንዱ፣ ከ7 እስከ 9 ሌላው ይተኛ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ አይተኙ። ረዳት በሚተኛበት ሰዓት ሮጦ የጨረሰው ሰው እስኪበላ ድረስ ሽምብራውን ያግዝ።

ደረጃ 11፦ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ያለውን ጊዜ በተለየ ደንብ እለፉ

በእነዚህ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ማንም ብቻውን አይሩጥ፤ ተራውን ያልያዘ አንድ ሰው፣ ረዳትም ቢሆን፣ በብስክሌት ወይም በዝግታ በመራመድ በዙሩ ተቃራኒ ጎን ይገኝ። ሯጩ በየዙሩ ሲያልፍ ሰዓት ያዡ ቀላል ጥያቄ ይጠይቀው፦ ስንተኛ ዙርህ ነው? ቀጥሎ የሚቀበልህ ማን ነው? መልሱ ከተወላገደ፣ ምላሱ ከተሳሰረ ወይም ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ መንቀጥቀጡ ድንገት ከቆመ ብርዱ ዘልቆታል፤ ወዲያው አስቁሙት፣ ልብሱን ቀይሩ፣ ጠቅልላችሁ ጣፋጭ ሻይ በዝግታ ስጡት። አእምሮው ካልጠራ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*ተረኛው ካልተነሣ ወይም ከታመመ።* ዱላ የያዘው ሰው ተራ አይደርብም። ቀጥሎ ያለው ሯጭ ቀድሞ ይግባ፣ የታመመው በአንድ ተራ ወደኋላ ይሸጋሸግ። ለዚህ ሲባል ከተረኛው ሌላ ቀጣዩም ተጠንቅቆ እንዲገኝ፣ የሁለተኛው ሰው ጫማ ሁልጊዜ ከበሩ ጥግ ይቀመጥ።

*አንድ ሰው ከነጭራሹ ከወጣ።* የቀሩትን ተራዎች ለአንድ ሰው አትስጡ። ዙር በዙር ከፋፍላችሁ ለአምስታችሁ አከፋፍሉ፤ አምስት ዙር የቀረ ከሆነ ለእያንዳንዱ አንድ ዙር ይጨመራል።

*ከዕቅዱ ከ40 ደቂቃ በላይ ከዘገያችሁ።* ከሌሊቱ 8:24 ላይ ሒሳቡን እዩ። ካልደረሰላችሁ ሦስተኛውን ምድብ በአምስት ፋንታ በአራት ዙር አድርጉት፤ በፍጥነት ለማካካስ መሞከር ጡንቻ ያስቀድዳል።

*ሆድ ከተረበሸ።* ለአንድ ተራ ከሻይና ከጨው ስኳር ውኃ በስተቀር ምንም አትስጡት።

*ዝናብ ከመጣ።* በመብረቅ የታጀበ ከሆነ ሩጫው ይቁም፣ ሁሉም ክፍል ይግባ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

*ውሻ ከገባ።* ሩጫችሁን አቁሙ፣ ጀርባ ሳትሰጡ በእርምጃ ወደ ጠረጴዛው ሂዱ። ከነከሰ ወይም ከቧጠጠ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ሄዳችሁ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ጠይቁ። ቁስሉ ትንሽ ነው ተብሎ እስከ ሰኞ አይቆይም።

*የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ከታየ።* ሩጫው ለሁሉም አብቅቷል። ለዚህ አንድ መኪና ነዳጅ ሞልቶ፣ ያልሮጠ ሹፌር ይዞ በግቢው በር ይቁም። ነዳጁን ከሳምንት በፊት ቅዱ።

ወደ አስፋልት ለመውጣት ለምታስቡ

በግቢ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሌሊት በሚገባ ከጨረሳችሁ በኋላ፣ የሌሊት ጉዞም የተፈቀደና ሰላማዊ ከሆነ ብቻ፣ ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚደርሰው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መንገድ ከዚሁ ርቀት ጋር ይቀራረባል። መንገዱ ወደ ወገራ ደጋ ስለሚወጣ ብርዱ ከጎንደር የጠና ነው፤ በሰዓቱ ስሌት ላይ ለዳገቱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ጨምሩ። ሁለት ሚኒባስ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከሯጩ ኋላ መብራቱን አብርቶ ይከተላል፣ ሌላው የሚቀጥሉትን ሦስት ሰዎች ይዞ ቀድሞ ይጠብቃል። ሯጩ ከፊት የሚመጣውን መኪና እንዲያይ በግራ ጠርዝ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ጓደኛ ጋር ይሩጥ። ሹፌሮቹ ቀን የተኙ መሆናቸውን ራሳችሁ አረጋግጡ። በመጀመሪያ ግን ያንኑ መንገድ በቀን ብርሃን ሮጣችሁ እዩት።

ደረጃ 12፦ ንጋት ላይ

ስድስተኛው ሯጭ የመጨረሻውን ዙር ሲጀምር ሁላችሁም ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡና አብራችሁት ተራመዱ ወይም ሩጡ። ሲገባ ሰዓቱን በደብተሩ ላይ ጻፉ፤ የእያንዳንዱን ተራ የዕቅድና የእውን ሰዓት ጎን ለጎን አስቀምጡ። የሚቀጥለው ጊዜ ስሌት የሚነሣው ከዚህ ገጽ ነው።

የሮጠም ሆነ ያደረ ሰው መኪና፣ ሞተር ወይም ባጃጅ አይንዳ። ወደ ቤት የሚያደርሳችሁን ሰው ከቅዳሜ ጀምሮ አነጋግሩ። ገንፎ ወይም ፍርፍር ብሉ፣ እስከ ቀትር ተኙ፣ ከዚያ ተነሥታችሁ ማታ በጊዜ ግቡ፤ ቀኑን ሙሉ ከተኛችሁ የእሑድ ሌሊት እንቅልፍ ይጠፋል። ከመውጣታችሁ በፊት ግን የታሰሩትን ነጭ ጨርቆች ፍቱ፣ ኖራውን ጥረጉ፣ የምድጃውን ፍም በውኃ አጥፍታችሁ አመዱን ቅበሩ፣ ክፍሉን ቆልፋችሁ ቁልፉን ለዘበኛው በእጁ አስረክቡ።